ስለ ነጩ መብራት፣ ስለ ቢጫው መነጽርና ስለ ቀኝ ዓይኔ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፣ ከታናሽ እህትዎ፦

መላው ቤተሰብ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ልቡን አጽንቶ እንዲሰማኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለሦስት ሳምንት ከአራት ቀን በአፍንጫዬ ላይ ተቀምጦ በቅንነት ሲያገለግል የቆየው ቢጫው የሌሊት መነጽሬ፣ ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ምሽት በሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ ጋደም ባለበት፣ በደረሰበት ድንገተኛ የመቀመጥ አደጋ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። የተቀመጠችበት ሴት ማንነት በምርመራ ተረጋግጧል፤ ክብደቷ ግን ለሟች ክብር ሲባል አይገለጽም። ቀብሩ በመኪናው መተርኮሻ ውስጥ ጥቂት ወዳጆቹ በተገኙበት ተፈጽሟል። ሟች ከአንድ ጠማማ ማቀፊያ በቀር ወራሽ አልተወም። እናንተንም እኔንም ያጽናን።

ይህን ከባድ መርዶ ካረዳሁ በኋላ እጅ ልንሣ። እንደምን ከርመዋል ጋሼ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? በጭነት መኪና ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ታጥፎ የኖረው ወገብ ትንሽ ቀና አለ ወይስ ዛሬም በር ሲገቡ በሩን ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ የዝናቡን መምጣት ከሬዲዮው ቀድሞ መናገሩን አልተወም? ባለቤትዎስ ከሳሏ ዳነች? ትልቋ ልጅዎ አሁንም በሩን በእግሯ ነው የምትዘጋው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልዎ ግን ዜና አንባቢ ደኅና እንደሚመስለው ነው፤ ከጠረጴዛው በላይ ኮት አለ፣ ከጠረጴዛው በታች ያለውን ቤቱ ይወቀው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እንደሚያውቁት ስድስት ዓመት ሙሉ አሥራ አንድ ሴቶችን ማታ ከየደጃፋቸው እየለቀምኩ ወደ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሳደርስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ በረኪና በረኪና እየሸተቱ፣ አንዷ በአንዷ ትከሻ እያንቀላፋች ሲወጡ መልሼ በየቤታቸው ሳራግፍ ኖርኩ። በዚህ ወር መጀመሪያ አለቃችን በሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ እስከ ኅዳር ሠላሳ የዓይን ሐኪም ፊርማ ያላመጣ ሹፌር መሪ አይጨብጥም። እነሆ ወንበሬ፣ ቁልፌ፣ ከእርስዎ የወረስኩት ሙያና የቤቴ እንጀራ በአንዲት ፊርማ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሰነበቱ። ለዚህ ያበቃኝን ጉድ ከሥሩ ልንገርዎ፤ ወንበር ስበው ይቀመጡ።

የነገሩ ሥር ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ድሮ መንገዳችን ላይ የነበሩት መብራቶች ቢጫ፣ ደካማ፣ ግማሾቹ የጠፉ፣ የቀሩትም እንደ ጡረተኛ የሚያንቀላፉ ነበሩ። ማንንም አያስቸግሩም። አሁን ግን ተነቅለው በነጭ ተተኩ። ምረቃው ላይ እኔም ተገድጄ ተገኝቻለሁ፤ የመንገድ መብራት የተመረቀው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ ነው። ሹሙ ሪባን ቆረጠ፣ አንድ ማብሪያ ተጫነ፣ ሁላችንም ወደ ላይ አንጋጠን አጨበጨብን። መብራቱ ይብራ አይብራ ያየ ሰው የለም። «በራ» ተባለ፣ በራ አልን።

ሲመሽ ግን መብራቱ የእውነት ሆኖ ተገኘ። ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር ቀትር ነው፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ያለው ደግሞ የጋን ውስጥ ነው። ይነጋል፣ ይመሻል፣ ይነጋል፣ ይመሻል። ማጠቢያ ቤት እስክንደርስ ስድስት ሳምንት የኖርኩ ይመስለኛል፤ ልደቴን መንገድ ላይ ያከበርኩ ያህል ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት የተተከለው ምሰሶማ መንገዱን ትቶ አንገቱን ወደ መኝታ ቤቴ አዙሯል። ቀን ተኝቼ ሌሊት የምሠራ ሴት ነኝ፤ በዕረፍት ቀኔ እንኳ ጨለማ ተነፈግሁ። አቤቱታ ጻፍኩ። መልሱ በአሥራ ሰባት ቀን መጣ፦ መብራቱ በደረጃው መሠረት የተተከለ ሲሆን፣ አለቦታው የተገኘው የእርስዎ መስኮት ነው። ማኅተሙ ሰማያዊ ነበር፣ ክብ ነበር፣ ያምር ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱን ለጊዜው በማኅተሙ ሥር እናስተኛውና ወደ ባለመኪኖቹ እንምጣ። ጋሼ፣ እርስዎ መንዳት በጀመሩበት ዘመን ሁለት መኪና ሲገናኝ መብራት ዝቅ ማድረግ ሰላምታ ነበር፤ ባርኔጣ ብድግ እንደማድረግ። አሁን ሰላምታ ቀርቷል። የዘመኑ ሰው መኪናው ፎቅ ነው፣ ጭንቅላቱ ምድር ቤት። ሁለት ሰፈር ተሻግሮ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ ባሕር ላይ የጠፋ መርከብ የሚፈልግ ይመስል ረጅም መብራቱን ለቆ ይመጣል። እኔ በጨዋ ደንብ ብልጭ ድርግም አድርጌ «ወንድሜ፣ ዝቅ አድርገው» እለዋለሁ። እርሱ ደግሞ ሌላ መብራት ይጨምርበታል። ለካ ረጅም ነው ብዬ የተማረርኩበት አጭሩ ኖሯል! ከኋላዬ የሚመጣውም አይሻልም፤ ስፖኪዮዬ ውስጥ ገብቶ በጆሮዬ በኩል ሊወጣ ይደርሳል።

ከኋላ ያሉት ሴቶች አንድም አያሳልፉ። ማድረቂያ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ቀጭኗ «ሙሽራ ነው እንዴ የሚመጣው? ተነሡ እልል እንበል!» ትላለች። ሌላዋ «ተዪው፣ የጠፋበትን ልቡን እየፈለገ ነው» ትላለች። ከጎኔ የምትቀመጠው አንጋፋዋ አንሶላ አጣፊ ናት፤ «ሊቀመንበሯ» እንላታለን፣ የፊት ወንበሩን ለማንም ስለማትለቅና የኋላዎቹም ያለ ፈቃዷ ስለማይናገሩ። እርሷ አንድ ሌሊት «ይሄ ሁሉ የሚያበራው እንዲያይ አይደለም፣ እንዲታይ ነው» ብላ ስብሰባውን ዘጋች። የመነጽሬም ገዳይ እርሷው ናት።

መነጽሩን የገዛሁት ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ካለው ሱቅ ነው። ሻጩ ነጭ ጋዋን ለብሶ እንደ ፕሮፌሰር ይራመዳል። ዓይኔ ላይ አድርጎልኝ «አሁንስ እንዴት ይታይሻል?» አለኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ምን አይታየኝ! «ጥሩ ይታየኛል» አልኩት። «አየሽ!» አለ። እኔም አየሁ ብዬ ወጣሁ። ሲመሽ የተረዳሁት፣ መብራቱ ድሮ ነጭ መርፌ ሆኖ ይወጋኝ የነበረው አሁን ቢጫ መርፌ ሆኖ መውጋቱን ነው። ጨለማው ደግሞ ባሰበት። ጨለማ ላይ መነጽር መጨመር በጭስ ቤት ውስጥ መጋረጃ መዝጋት መሆኑን ለመረዳት ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ሴት ነኝ፤ ስለዚህ ሊቀመንበሯን በግድያ አልከስሳትም።

እውነቱን ለመናገር የሚረዳው መድኃኒት ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል በኮምጣጤና በጋዜጣ ወለወልኩት፤ ከውስጥ ያለው ቅባት ነው መብራቱን የሚያሟሟው። ጋዜጣውንም መርጬ ነው፣ ሹሙ ሪባን ሲቆርጥ ፎቶው የወጣበትን ገጽ። በሥልጣን ዘመኑ አንድ ነገር ግልጽ ሲያደርግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። የዳሽቦርዱን መብራት ቀነስኩ። የውስጡን ስፖኪዮ ወደ ታች አዘነበልኩ። ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ከፊት የሚመጣውን መብራት ከማየት ይልቅ ዓይኔን በቀኝ በኩል ባለው ነጭ መስመር ላይ ተከልኩ። ከኋላዬ የሚያንባርቀውን ክላክስ ሁሉ እንደ ሕዝብ አድናቆት ቆጠርኩት።

ከሁሉ በላይ ግን የቤታችን ጥበብ ነበረኝ። ያስታውሳሉ? መኪና መንዳት ሲያስተምሩኝ፣ ያ አሮጌው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ማርሹን በሁለት እጄ እየገፋሁ፣ «መኪና ከፊት ሲመጣ ግራ ዓይንሽን ጨፍኚ። መብራቱ የሚመጣው ከግራ ነው። በቀኙ ብቻ ተቀበዪው፤ ሲያልፍ ግራውን ክፈቺ። ጨለማ የለመደ ዓይን ከጨለማ ጋር ቶሎ ይግባባል» አሉኝ። አባባ ለእርስዎ፣ እርስዎ ለእኔ። ይህ ጥበብ ደማችን ውስጥ ከመግባቱ የተነሣ በቤታችን ፎቶ ሁሉ ላይ፣ በሠርግዎ ዕለት እንኳ፣ የካሜራው ብልጭታ ሲመጣ አባባም፣ እርስዎም፣ እኔም ግራ ዓይናችንን ጨፍነን ተነሥተናል። የሙሽራዋ ወገኖች ሦስታችንም የጠቀስናቸው መስሏቸው ስንት ዓመት ሲያወሩ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥም ይኸው ስም ወጣብኝ። ቀጭኗ አንድ ሌሊት በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና «አይ ጉድ! ይቺ ሴትዮ እኮ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ሁሉ ትጠቅሳለች! ለካ ለዚህ ነው የሚያበሩብን!» ብላ አዋጅ ነገረች። አሥራ አንዱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በዕውቀቴ ኮርቼ ነበርና መሳቁ አልከበደኝም፤ ሌላው ሁሉ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ሲታወር እኔ አንዱን ቆጥቤ የምነዳ ብልህ ነኝ። ለዓለሙ ሁሉ ንቀቴ ከዚህ ይመነጭ ነበር።

አሁን ጥቅምት 11 ቀን ወደሆነው እንግባ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ እንደ ዓሣ ጀርባ እያብለጨለጨ፣ አሥራ አንዱን ይዤ ስመለስ፣ ኩርባው ላይ አንድ ፎቅ መኪና ፀሐይዋን ተሸክሞ መጣ። እንደ ልማዴ ግራ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፍጥነት ቀነስኩ። ነጩን መስመር ፈለግሁ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ የድስት ክዳን ከመደርደሪያ የወደቀ ያህል ነው። ፍሬን ያዝኩ። ግራ ዓይኔን ስከፍት ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይዟል፤ የብስክሌቱ የፊት ጎማ ደግሞ እንደተቀመጡበት ቅርጫት ተጣሟል።

ሰውዬው የአትክልት መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ለአሥር ሰዓት ፈረቃ ለመድረስ ይሄድ ነበር። ከጉልበቱ ቆዳ መላጥ በቀር አልተጎዳም፣ ምስጋና ለፈጣሪ። ሮጬ ስደርስ ቀድሞኝ «ደኅና ነሽ?» አለኝ። የወደቀው እርሱ፣ የሚጠይቀው እርሱ! ሊቀመንበሯ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈትታ ጉልበቱን አሰረችለት። ሴቶቹ በእንቅልፍ ልባቸው ወርደው ዙሪያውን ቆሙ። እዚህ ላይ በግልጽ መመዝገብ ያለበት ነገር፣ ብስክሌተኛው መብራት የሚባል ነገር አልነበረውም። በጥቁር ሌሊት፣ በጥቁር ብስክሌት፣ በጥቁር ካፖርት፣ ያለ አእምሮ መንገድ ላይ የሚወጣ ሰው ምን ይባላል? በማግስቱ አለቃችን ቅጽ ይዞ ሲጠይቀኝም ይህንኑ ነገርኩት። እርሱም እፎይ ብሎ «መንስኤ፦ ብስክሌተኛው መብራት አልነበረውም» ብሎ ጻፈና ብዕሩን በኩራት ከደነ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ፣ ለወጉ ያህል፣ አሠሪ መሆኑን ለማሳየት፣ ያንን የዓይን ምርመራ ማስታወቂያ ለሁላችንም ለጠፈ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሊቀመንበሯ ከጎኔ ተቀምጣ ዝም ማለት ጀመረች። ጋሼ፣ ይህቺ ሴት ዝም ስትል ማጠቢያ ማሽን እንደቆመ ነው፤ ሰው ሁሉ ምን ሆነ ብሎ ቀና ይላል። መነጽሩን ገዝቼ ስመጣ እንኳ አንድ ስድብ አልሰነዘረችም። የተቀመጠችበት ዕለት ብቻ፣ ስብርባሪውን ከሥሯ እያወጣች፣ «ይሄ ነበር የሚያሳይሽ?» አለችኝ።

መነጽሩ በሞተ በማግስቱ ወደ ዓይን ሐኪም ሄድኩ። እንዴት ብዬ እንደሄድኩ ልንገርዎ፦ እንደ ምስክር ነው የሄድኩት፣ እንደ በሽተኛ አይደለም። ስለ መንገድ መብራቱ፣ ስለ ፎቅ መኪኖቹ፣ ስለ ማኅተሙ የማቀርበውን ክስ በልቤ አሰልፌ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ ጥጥ። ክሴን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። ከዚያ ቀኝ ዓይኔን ሸፍና በግራው አስነበበችኝ። ከላይ እስከ ታች ወረድኩት፤ የማተሚያ ቤቱን ስም ጭምር አነበብኩላት። ቀጥላ ግራውን ሸፈነችና «የላይኛውን ትልቁን ፊደል ያንብቡልኝ እትዬ» አለችኝ። «ሰሌዳውን አምጪዋ» አልኳት። «ሰሌዳው እዚያው ነው» አለች። የት እዚያው አልኳት። «ቅድም ያነበቡበት» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሷ አልሳቀችም።

የዓይን ሞራ ነው ጋሼ። ቀኙ ብቻ። ሁለት ዓመት ቀስ እያለ እንደ ወተት ሰልባቦት ሲጋረድ ኖሯል፤ ግራው እየሸፈነለት ሳላውቀው ቆየሁ። እንዲህ ያለ ዓይን መብራት ሲመታው ጭጋግ እንደያዘ መስታወት ይበትነዋል፤ አንዱ አምፖል ሰማይ የሚያህል ይሆናል አለችኝ። «ታዲያ መብራቶቹ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት፣ ክሴ እንዳይወድቅብኝ። «መብራቶቹም አይረቡም፣ ዓይንዎም አይረባም፤ ሁለቱ ተስማምተው ነው የሠሩት» አለችኝ። ልጅቷ ዳኛ ብትሆን ያምርባት ነበር።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና የቤታችንን ጥበብ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። መኪና ሲመጣ የምጨፍነው ግራውን ነው። ደኅነኛውን። የምነዳው በቀኙ ነው። በሌለው። ፊት ለፊት በሚመጣ እያንዳንዱ መኪና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አሥራ አንድ የተኙ ሴቶችን ይዤ፣ ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ያህል ሙሉ በሙሉ ጨፍኜ ነድቻለሁ። እየኮራሁ! ሌላውን ዕውር እያልኩ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄ ነው። ቆሻሻው ከመስታወቱ ወዲህ ሳለ እኔ መስታወቱን በጋዜጣ ስወለውል ከረምኩ። በሹሙ ላይ ያወረድኩትን ስድብ ሁሉ አልመልስም፤ ይገባዋል። ግን ለራሴም የሚሆን ተርፎ ተገኘ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አንድም ሳላስቀር ለራሴ አደልኩ።

ለአለቃችን ሄጄ ነገርኩት። የወረቀት ሰው መሆኑን ያውቃሉ። ትንሽ አሰበና፣ በሩን ገፋ አድርጎ ዘግቶ፣ «አንቺ፣ ይሄ እኮ ለፋይል ነው። ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂና በቀኙ ተፈተኚ ሲሉሽ በጣቶችሽ መሐል በግራው አጮልቂ። አሁን ምትክ ሹፌር ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። በጣቶቼ መሐል! ጋሼ፣ ለአፍታ ያህል ጣቶቼን አየኋቸው፤ አልዋሽዎትም። ስድስት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወንበር ስወርድ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀጭኗ በመስታወቱ ውስጥ አፏን ከፍታ ተኝታ ስትሄድ ታየችኝ፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አለቃችን ቁልፉን ሳይሆን ራሴን ያስቀመጥኩ ያህል ደነገጠ። ዓይኔ በጥር በቀዶ ጥገና ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ መሪው ይመለስልኝ እንደሆነ ሲጠየቅ «ይታያል» አለ። እርሱ «ይታያል» ሲል ምንም አይታየውም።

እስከዚያው ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ አጣፊ አድርጎኛል፤ ከሰኞ ጀምሬያለሁ። ሚኒባሱን የያዘው ሁለት ዓይን ያለው ጎልማሳ ነው፤ አንዱን ለመንገዱ ሌላውን ለስልኩ ያውለዋል። የምሠራው ከሊቀመንበሯ ጋር ነው። አንሶላ ማጠፍ ሥራ ብቻ እንዳይመስልዎ። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ እያንዳንዱ ሁለት ማዕዘን ይይዛል፣ ከዚያ ማዕዘኑ ከማዕዘኑ እስኪገናኝ እየተራመዱ ይቀራረባሉ። በአንድ ሌሊት አራት መቶ ጊዜ አፍንጫ ለአፍንጫ እንቆማለን። ዓይን የሚሸሽበት ቦታ የለም። ረቡዕ ሌሊት ሁለት መቶኛው አካባቢ ላይ፣ ድምጿን ሳትለውጥ፣ ዘበኛው ከዘመዷ ቤት አጠገብ እንደሚኖር ነገረችኝ። ብስክሌቱ አልተጠገነም፤ በእግሩ ለመድረስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይነሣል። የአለቃችን ቅጽ ግልባጭ ለመጋዘኑ ደርሶ፣ ያለ መብራት በመንዳት የራሱ ጥፋት ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል፤ ሁለተኛው ነው፣ ሦስተኛው የስንብት ነው። «መብራት ነበረኝ ብሎ ይምላል አሉ» አለችኝና ማዕዘኑን ዘረጋችልኝ። እኔም ተቀበልኳት። አንሶላው በሥርዓቱ ታጠፈ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት ስለዚህ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ያንን ጥበብ ከእኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቀድመው ጀምረዋል፤ ዛሬም ሌሊት እየነዱ ነው። ባለፈው ስልክ ሲደውሉ «የዘንድሮ መኪና መብራቱ ብሶበታል፣ ያቃጥላል» ብለው ሲራገሙ አብሬዎት ተራግሜያለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ይህን ወረቀት እንዳነበቡ፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ግራ ዓይንዎን በእጅዎ መዳፍ ይሸፍኑና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ይመልከቱ። በጣቶች መሐል ማጮለቅ ክልክል ነው፤ የእኛ ቤት ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና ባለቤትዎ አጠገብዎ ትቁም። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ካልነገሯት ቁልፉን ለእርሷ ይስጡ። እኔ ሚኒባስ ይዤ ነው፤ እርስዎ የያዙት ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ነው። ይቆጡኝ፣ ይስደቡኝ፣ «ይቺ ሚጢጢ እኔን ልታስተምር!» ይበሉ። ግን ሸፍነው ይሰድቡኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ስለ ዓይኔ አትንገሯት፤ የግድ ከሆነ ግን መነጽሩ እንደሞተ ብቻ ይነገራት፣ ለእርሱ ማልቀስ አይጎዳትም። ባለቤትዎን በጣም ናፍቄያታለሁ፤ ሳሏ ካልለቀቃት በዚያ ሳል የሰዓቱን ምርመራ ትምራ። ትልቋ ልጅዎ በሩን በእጇ ትዝጋ፤ በር እንደ ሰው ነው፣ የረገጡትን አይረሳም። መንትዮቹን ልጆችዎን ጉንጫቸውን ሳሙልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በሁለት ዓይኔም ለይቻቸው አላውቅምና ስማቸውን አልጠራም። ከላይ ቤት ያሉት የአባባ ወዳጅ በሕይወት ካሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ከሌሉም ሰላምታው ለቤተሰባቸው ይሁን።

እወድዎታለሁ፤ ሰላም ሁኑልኝ።

ታናሽ እህትዎ

ሦስተኛ ፎቅ፣ አለቦታው ከተገኘው መስኮት ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 20 ቀን


እርማት

ከዚህ በላይ በተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ እንዲሁም ጥቅምት 12 ቀን ለአለቃችን በቃል ተሰጥቶ በቅጽ ላይ በሰፈረው መግለጫ ውስጥ፣ «ብስክሌተኛው መብራት የሚባል ነገር አልነበረውም» የሚለው፣ «ብስክሌተኛው መብራት ነበረው፤ ሹፌሯ አላየችውም» ተብሎ ታርሞ ይነበብ። መብራቱ በመሪው ላይ የታሰረ ትንሽ ነጭ መብራት ሲሆን፣ ብስክሌቱ ከወደቀ በኋላም ሣሩ ውስጥ ይበራ ነበር። ከሣሩ ውስጥ ያነሣችው ሹፌሯ ናት። በእጇ አጥፍታ ለባለቤቱ የመለሰችውም እርሷው ናት። በዚሁ አንቀጽ ውስጥ የሚገኘው «ያለ አእምሮ» የሚለው ቃል ከብስክሌተኛው ተነሥቶ ወደ ተገቢው ባለቤት ተዛውሯል።

ይህ እርማት በሁለት ቅጂ ተጽፎ ነገ ጠዋት ለአለቃችንና ለአትክልት መጋዘኑ ኃላፊ በሹፌሯ እጅ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ዓይኗ ከተከፈተም በኋላ መሪው ላይመለስላት እንደሚችል ታውቃለች።

ግልባጭ፦
ለዘበኛው
ለሊቀመንበሯ

ይህ እርማት ጥቅምት 11 ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ የጸና ነው።